ጥያቄና መልስ፦ በራሱ ሙዚቃዊ ቲያትር የማይዘፍነው ኢቮር ኖቬሎ

(ዓመታቱና ቀናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ኢቮር ኖቬሎ የዜማ ደራሲም መሪ ተዋናይም ነበር ይባላል። እሱ ራሱ የዘፈነውን ግን ብፈልግ አጣሁ። ለምን? ስሙስ ጣሊያናዊ አይመስልም?

መልስ፦ በካርዲፍ የተወለደ ዌልሳዊ ነው፤ 1893። የወላጆቹ ስም ዴቪስ ነው። «ኖቬሎ» የመጣው በእናቱ በኩል ነው፤ የመዘምራን መሪና የድምፅ አስተማሪ የነበሩትን ክላራ ኖቬሎ ዴቪስን አባታቸው በታዋቂዋ ዘፋኝ በክላራ ኖቬሎ ስም ጠርተዋቸው ነበር። ልጃቸው ስሙን በሕግ ያጸናው በ1927 ነው።

በልጅነቱ ኦክስፎርድ፣ ሞድለን ኮሌጅ ውስጥ ለብቻው የሚዘምር ባለ ቀጭን ድምፅ ልጅ ነበር። ጎረምሳ ሲሆን ድምፁ ተለወጠና ያ ጸጋ አልተመለሰም። ስለዚህ መሪውን ሚና ለራሱ ሲጽፍ ዘፈኑን ለሌሎች ሰጠ። በ1939 ድሩሪ ሌን በተባለው የለንደን ቲያትር ቤት በቀረበው ሙዚቃዊ ቲያትሩ «ዘ ዳንሲንግ ይርስ» ሩዲ ክሌበር የተባለ የቪየና ዜማ ደራሲ ሆኖ ተጫውቷል፤ እሱ ፒያኖው ላይ ይቀመጣል፣ ዘፋኟ ተዋናይት ሜሪ ኤሊስ ትዘፍናለች። ብልሃቱ ግሩም ነው፦ ተመልካቹ ዜማው እዚያው ሲወለድ የሚያይ ይመስለዋል፣ መሪው ተዋናይ ለምን እንደማይዘፍንም አይጠይቅም። ሥራውን ዛሬ የሚያዘጋጅ ቡድን ለሩዲ ዘፋኝ ከመፈለግ ይልቅ ፒያኖ የለመደ ጥሩ ተዋናይ ይምረጥ። ዘፈን ከተጨመረለት ይህ ውበት ይጠፋል። የጥንቱን ቅጂ የምትፈልጉ በሜሪ ኤሊስ ስም ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ታስሮ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1944፣ በጦርነቱ ራሽን ጊዜ፣ የመኪና ቤንዚን ደንብ በመጣስ 8 ሳምንት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ 4 ዝቅ ብሎለት ለንደን ውስጥ ታሰረ።

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ ያለን የመዘምራን ቡድን የኖቬሎን ሁለት ዘፈኖች፣ «ኪፕ ዘ ሆም ፋየርስ በርኒንግ»ን እና «ዊል ጋዘር ላይላክስ»ን ዘፍነን ዩቲዩብ ላይ ልንጭን አስበናል። እንከፍላለን?

መልስ፦ ኖቬሎ የሞተው መጋቢት 6 ቀን 1951 ነው፤ «ኪንግስ ራፕሶዲ» የተባለውን ሙዚቃዊ ቲያትሩን ተጫውቶ ከወረደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ። በብሪታንያ ሕግ የቅጂ መብቱ ደራሲው ከሞተበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 70 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱም ከጥር 1 ቀን 2022 ወዲህ እዚያ ነጻ ናቸው። የመጀመሪያውን ግጥም የጻፈችው ሊና ጊልበርት ፎርድ በ1918 ስለሞተች እሷ ቀኑን አታዘገየውም።

አሜሪካ ግን የሚቆጥረው ከታተመበት ዓመት ነው። የ1914ቱ ዘፈን ነጻ ነው፤ የ1945ቱ «ላይላክስ» ግን እስከ 2040 መጨረሻ የተጠበቀ ነው። አዳራሽ ውስጥ ለመዝፈን ችግር የለባችሁም፤ ቪዲዮው ግን አሜሪካም ስለሚታይ ለ«ላይላክስ» ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ብዙ ቡድን የሚቸገረው ግን በኖታው ነው። በቅርቡ ለመዘምራን የተቀናበረ ኖታ አቀናባሪው የራሱ መብት አለው፤ ከበይነመረብ የሚወርድ ማጀቢያ ሙዚቃም እንዲሁ፣ ዩቲዩብም ወዲያው ይለየዋል። የጥንቱን እትም ፈልጉ፤ «ኪፕ ዘ ሆም ፋየርስ በርኒንግ» መጀመሪያ የታተመው «ቲል ዘ ቦይስ ካም ሆም» በሚል ርዕስ ስለሆነ በዚያ ስም ካልፈለጋችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ። ከዚያ ድምፆቹን ራሳችሁ ከፋፍሉ፣ ፒያኖውንም ከራሳችሁ ሰው ይምታው።