ክረምት ሲወጣ የሚነሡ የተራራ ብስክሌት ጥያቄዎች፦ ከሰሜን ሸዋ ብስክሌተኞች ጋር

መስከረም ጠብቶ መንገዱ መጠንከር ሲጀምር በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ በትርፍ ጊዜያችን የተራራ ብስክሌት በምንነዳ ሰዎች መካከል ጥያቄ ይበዛል። ጀማሪዎችን ሳለማምድ የቆየሁ በመሆኔ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከሌሎችም ቦታዎች የተጠየቅሁትን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ክረምቱን ሙሉ ብስክሌቴ ቆሞ ከረመ። የመጀመሪያው ውድድር ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው ተብሏል። ከጥቅምት መጀመሪያ አንሥቼ ብዘጋጅ ይበቃኛል ወይ?

ለማሸነፍ ሳይሆን ውድድሩን በደኅና ለመጨረስና ያለህበትን ደረጃ ለማወቅ ከሆነ ስምንቱ ሳምንት በቂ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት በሳምንት አራት ቀን ንዳ፤ ሦስቱ ቀን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል የሚወስድ ቀላል ጉዞ ይሁን፣ አራተኛው ደግሞ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የሚዘልቅ ረጅም ጉዞ ይሁን። አራተኛው ሳምንት ላይ ጠቅላላውን ጊዜ በሲሶ ቀንሰህ ሰውነትህ የሠራውን እንዲያዋሕደው ዕድል ስጠው። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ከቀላሎቹ ቀናት አንዱን ወደ ከባድ ለውጥ፤ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዳገት መርጠህ አራት ጊዜ ጠንክረህ ውጣ፣ በየመካከሉም አራት ደቂቃ ያህል ቀስ ብለህ እየነዳህ ትንፋሽህን ሰብስብ። በውድድሩ ሳምንት የልምምዱን ጊዜ በግማሽ ቀንስ፤ በዚያ ሳምንት የሚጨመር ጉልበት የለም፣ የሚጨመረው ድካም ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ላክልበት። የመጀመሪያው፣ ልምምድህን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ለካ። ወደ አንኮበር የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ገደማና በሜዳው ወደ ጫጫ የሚነዳው ያው ርቀት አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። ሁለተኛው፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ንጋት ላይ ወጥተህ በኃይል አትንዳ። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በኃይል ሲተነፈስ የአየር ቧንቧን ያስቆጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደረቅ ሳል ደግሞ ሳምንቱን ሁሉ ሊያበላሽብህ ይችላል። ፀሐይ ውርጩን እስክታነሣው መጠበቅ ነው፤ ግድ ማለዳ መውጣት ካለብህም አፍና አፍንጫህን በስስ ሻሽ ሸፍነህ በቀላሉ ንዳ።

ጥያቄ፦ «ቀላል ጉዞ» ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን የምኖረው ደብረ ሲና ነው፤ ከቤት ስወጣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። እንዴት አድርጌ ነው ቀላል የማደርገው?

የዚህ አካባቢ ብስክሌተኛ ዋናው ችግር ይኸው ይመስለኛል። አገሩ ዳገት ስለሆነ ሁሉም ቀን መካከለኛ ድካም ያለው ቀን ይሆናል፤ ቀላል መሆን ያለበት ቀን ይከብዳል፣ ከባድ መሆን ያለበት ቀን ደግሞ በድካም ምክንያት ይቀላል፤ ሰውየውም ወራት ሙሉ ለፍቶ እዚያው ይገኛል። መለኪያው ንግግር ነው። እየነዳህ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ መናገር ከቻልክ ጉዞው ቀላል ነው፤ ሦስት ቃል ተናግረህ ትንፋሽ የምትስብ ከሆነ ቀላል አይደለም። ዳገቱ ላይ እንዲህ መናገር የሚያስችል ማርሽ ብስክሌትህ ከሌለው የፊት ጥርሱን (ፔዳሉ ጋ ያለውን) በትንሽ ቁጥር ማስለወጥ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይልቅ ይጠቅምሃል። ያም ካልተቻለ የዳገቱን ክፉ ክፍል ወርደህ ግፋው፤ በልምምድ ጊዜ ብስክሌት መግፋት ነውር አይደለም። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን ወጥተህ በሜዳው ላይ ረጅሙን ጉዞ ብታደርግ ደግሞ የበለጠ ይበጃል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው። ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የሚገኘው የልብ ምት ቁጥር ለእኔ ይሠራልን?

ያ ስሌት የብዙ ሰዎችን አማካይ የሚያሳይ ነው፤ ለአንድ ሰው ሲሆን ወደ ላይም ወደ ታችም በ10 ምትና ከዚያ በላይ ሊስት ይችላል። ስለዚህ በእርሱ ላይ ተመሥርተው የልምምድዎን ወሰን እንዳይወስኑ፤ ከላይ የጠቀስሁትን የንግግር መለኪያ ይጠቀሙ። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ቆይተው ከሆነ፣ ወይም ዳገት ላይ ደረትዎን የሚያፍን ስሜት ካለ፣ ከባዱን ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ውድድሩ ደግሞ በጾሙ ውስጥ ይውላል። እየጾምኩ መለማመድና መወዳደር እችላለሁን? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው።

ትችያለሽ፤ የልምምዱ ሰዓት ግን ከጾሙ ጋር መስማማት አለበት። ምግብ ሳይቀመስ የሚደረግ ቀላል ጉዞ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቢፈጅም ጤነኛ ሰውን አይጎዳም፤ እንዲያውም በቀላል ጉዞ ጊዜ ሰውነት ከስብ የሚያገኘው ኃይል ድርሻው ከፍ ያለ ነው። የዳገት ድግግሞሹ ግን ጡንቻ ውስጥ የተከማቸውን ስኳር ስለሚፈልግ በባዶ ሆድ፣ ይልቁንም ውኃ ሳይጠጣ፣ አይሞከር። ስለዚህ ቀላሉን ጉዞ ጠዋት፣ ከባዱን ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥቂት ቀምሰሽ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ አድርጊው። በረጅሙ ጉዞ በኩል ችግሩ ያንሳል፤ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት መከልከል እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ስለሌለ፣ ከቅዳሴ መልስ በልተሽ መውጣት ትችያለሽ። ውድድሮቻችንም በአብዛኛው በእነዚሁ ቀናት ስለሚውሉ ጾሙ ከሚፈራው በላይ ይመቻል።

ስለ ምግቡ እንመልከት። ለጡንቻ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከባቄላና ከአተር ይገኛል፤ ቁም ነገሩ መጠኑ ነው፤ በፍስክ ጊዜ ከምትበዪው የጥራጥሬ ወጥ ከፍ አድርጊው። ከውድድር በፊት ደግሞ የአገራችን በሶ የሚናቅ አይደለም። የተቆላ ገብስ ስለሆነ ኃይሉን ቀስ እያለ ይሰጣል፤ ነገር ግን አሰር ስላለው ከመነሻው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ መጠጣት አለበት፤ በውድድሩ መካከል ከተጠጣ ሆድ ይነፋል። ከአንድ ሰዓት በላይ በሚዘልቅ ውድድር ውስጥ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም የሚሆን ቶሎ የሚፈጭ ስኳር ያስፈልጋል። ይህን ለማግኘት ከውጭ የመጣ ዱቄት መግዛት አያሻም፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨውና ጥቂት የሎሚ ጭማቂ አድርጎ በጥብጦ በየአሥር ደቂቃው መጎንጨት ነው። ሙዝና ቴምርም ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ግን በውድድሩ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሪው፤ ሆድም ልምምድ ይፈልጋል።

ለውድድር ሲባል ጾሙን ማላላት ይቻል እንደሆነ የጠየቁም ነበሩ። እርሱ የንስሐ አባት ጉዳይ ነው፤ ከእኔ አትጠብቁት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በመጀመሪያው ውድድር ከፊተኞቹ ጋር ተነሥቼ የመጀመሪያውን ዳገት አብሬያቸው ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን እግሬ ታሰረ፣ ሁሉም አለፈኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

በመጀመሪያ የውድድሩን ጠባይ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ የገባው የአገር አቋራጭ ተራራ ብስክሌት በአጭር ዙር እየተደጋገመ የሚነዳ፣ ለታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ ውድድር ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚነሣና መንገዱ ወዲያው ስለሚጠብ፣ እነርሱ ሲነሡ የሚሮጡት ወደ ጠባቡ መንገድ ቀድመው ለመግባት ነው። ያን አይቶ እንደ እነርሱ መነሣት ለአማተር አይሆንም፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስት አራተኛው ያንሳል። እዚሁ ተወልደን ብናድግም ከዐቅም በላይ የነዳንባትን እያንዳንዷን ደቂቃ ዋጋ ለመክፈል የሚወስድብን ጊዜ ረጅም ነው።

ስለዚህ ከመነሻው በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ሰውነትህን አሙቅ፤ በመጨረሻም ሁለት ሦስት ጊዜ ለግማሽ ደቂቃ አጠንክር፤ በብርድ ቆሞ የተነሣ እግር ቶሎ ይታሰራል። ስትነሣ ከመካከለኞቹ ጋር ሁን። የመጀመሪያውን ዙር «ይህን ፍጥነት እስከ መጨረሻ እይዘዋለሁ» በምትልበት ልክ ጨርስ፤ ጉልበት ከተረፈህ በመጨረሻው ዙር አውጣው። በወቅቱ መጀመሪያ ያለ ውድድር ለእኔ ከልምምዶች አንዱ ነው፤ ደረጃህን ከምትመዘግብ ይልቅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዙር ሰዓት መዝግብ። ሁለቱ ተቀራርበው ከተገኙ ዐሥራ አምስተኛም ብትወጣ በደንብ ነድተሃል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ልወዳደር ነው። ቆላ ስለሆነ ይቀለኛል ይሉኛል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል አየሩ ወፍራም ነው፤ ስትነሣ ብርቱ የሆንክ ይመስልሃል። ሙቀቱ ግን ያን ያህሉን መልሶ ይወስዳል፤ ሰውነት ለሙቀት ለመልመድ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ በአንድ ቀን ቀድሞ መውረድ ብዙም አይለውጠውም። ስለዚህ ከለመድከው ፍጥነት ቀንሰህ ተነሣ፣ ጥላ ሥር ቆይ፣ ራስህ ላይ ውኃ አፍስስ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደግሞ የጎማው ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የነፋኸው ጎማ ታች ስትደርስ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ላይ ሁለት ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ የሚለካበት የግፊት መስፈሪያ) ያህል ጎድሎ ይታያል፤ ሙቀቱ ከፊሉን ይመልስልሃል፣ ሁሉንም ግን አይመልሰውም። በ22 ፒኤስአይ ለሚነዳ ሰው ይህ ጎማው ድንጋይ ላይ ቸርኬውን መታ ወይስ አልመታም የሚያሰኝ ልዩነት ነው። እዚያው ደርሰህ ለካው።

በብስክሌት ነድተህ ለመውረድ አስበህ ከሆነ ግን አልመክርህም። በመንገዱ ላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ጠባብና ጨለማ መተላለፊያ ነው፤ ጉሙና የጭነት መኪናው ሲጨመርበት ለውድድር የምትፈልገውን ጉልበትና ልብ እዚያው ትጨርሳለህ።

ጥያቄ፦ የዋልካ ጭቃ ጎማዬ ላይ እየተጋገረ አላንቀሳቅስ አለኝ። ምን ዓይነት ጎማ ልግዛ?

እርጥብ ዋልካን የሚያሸንፍ ጎማ የለም። ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ጥቂት ይሻላል፤ ዋናው መፍትሔ ግን ሁለት ፀሐያማ ቀን መጠበቅ ወይም በድንጋያማው መንገድ መንዳት ነው። እስከ መኸር አጨዳው መጨረሻ ድረስ ደግሞ ጭቃ ሸሽታችሁ በማሳ ዳር እህል አትርገጡ፤ ብስክሌተኛን ከገበሬ የሚያጣላው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ ብቻዬን ነው የምነዳው፤ የእረኞች ውሾች ያስቸግሩኛል። ምን ላድርግ?

ከውሻ ጋር አትሽቀዳደሚ። ቀድመሽ ውረጂ፣ ብስክሌቱን በአንቺና በውሻው መካከል አድርጊ፣ ጮክ ብለሽ ለእረኛው ሰላምታ ስጪ፤ ባለቤቱ ሲጠራው አብዛኛው ይመለሳል። ከነከሰሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቢና በዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂጂ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት ስለሌለው ክትባቱ ለነገ አይባልም። በጓሳ በኩል ስታልፊ ደግሞ ከመኪናው መንገድ አትውጪ፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ሕዝቡ ራሱ ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴን ሚኒባስ ጣራ ላይ ጭኜ ነው የምሄደው። ደርሼ ስገጥመው የፊት ፍሬኑ ጎማውን አላስገባ አለኝ። ተበላሽቶ ነውን?

የዘይት ዲስክ ፍሬን ከሆነ አልተበላሸም። ጎማው ወልቆ ሳለ ዕቃ ተጭኖት ወይም ረዳቱ ይዞት የፍሬኑ እጀታ ተጨብጧል፤ ሁለቱ ሸራዎች ተጠጋግተው ቀርተዋል። ጠፍጣፋ ጠመንጃ መፍቻ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ በመካከላቸው አስገባና ቀስ ብለህ ወደየጎናቸው መልሳቸው፤ ዘይት ያለው እጅ አይንካቸው። ለሌላ ጊዜ ጎማውን እንዳወለቅህ የታጠፈ ካርቶን በሸራዎቹ መካከል ሸጉጥ፤ ብስክሌቱንም ካቴናው ወደ ላይ እንዲሆን አድርገህ ራስህ ጣራው ላይ ወጥተህ እሰረው።