የድሮ የሆላንድ ቤቶችን ንድፍ ለምታጠኑ ወጣቶች

ልጆቼ፣

በቬክት ወንዝ ዳር፣ በዩትሬክትና በአምስተርዳም መካከል፣ ሀብታም ነጋዴዎች በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የበጋ መኖሪያ ቤቶች ያሠሩ ነበር። ከእነዚህ ቤቶች የአንዱ በእጅ የተሣለ ንድፍ እጃችሁ ሲገባ በቤቱ ውበት ከመመሰጣችሁ በፊት ወረቀቱን መርምሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅኑት። በድሮው ወረቀት ላይ ወረቀቱ የተሠራበት ወንፊት ሽቦ የተዋቸው መስመሮች ይታያሉ። ሰፋ ብለው የተራራቁት ብዙ ጊዜ በመካከላቸው 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ አላቸው። ሽቦው ምልክት የማይተውበት ወረቀት መሠራት የጀመረው በ1750ዎቹ ስለሆነ፣ እንዲህ ባለው ወረቀት ላይ «1730» ተጽፎ ካገኛችሁ ንድፉ የኋላ ግልባጭ ነው። መስመር መኖሩ ግን ብቻውን ዕድሜ አይመሰክርም፤ መስመር ያለው ወረቀት ከዚያም በኋላ ሲሠራ ኖሯል።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ያዙና መብራቱን ከጎን አብሩ። እንደ ኮርኔሊስ ፕሮንክና ያን ደ ቤየር ያሉ ሠዓሊዎች በቦታው ተገኝተው ይነድፉና ቤታቸው ተመልሰው በብዕርና በግራጫ የቀለም ውሃ ያጠናቅቁ ነበር። ከብዕሩ ሥር የእርሳስ መስመር ካለና ሁለቱ ከተለያዩ፣ እኔ እርሳሱን አምናለሁ። ያልተጠበቀ ማስተካከያ ያለበት ሥራ ብዙውን ጊዜ በዓይን የታየ ነው፤ ከሌላ ሥዕል የተገለበጠው ያለ ማመንታት ይፈስሳል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። መስኮቶቹን ቁጠሩ። በእንጨት መስቀል ለአራት የተከፈለው መስኮት የቀደመው ነው፤ ወደ ላይ የሚንሸራተተው በሆላንድ የተለመደው ከ1680ዎቹ ወዲህ ነው። «1650» ተብሎ ተንሸራታች መስኮት ካለው ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው። አሮጌ መስኮት መኖሩ ግን ቤቱ አሮጌ ነው ለማለት አይበቃም፤ ባለቤቱ ላይቀይረው ይችላል። ዛፎቹን ደግሞ አትመኑ። ግንባሩ እንዲታይ ሠዓሊው ያነሣቸዋል ወይም ያሳንሳቸዋል። ከታተመ ሥዕል ጋር ስታነጻጽሩ ግራና ቀኙ ሊገለበጥ እንደሚችል አትርሱ፤ ወንዙ በየትኛው ወገን እንደሆነ በካርታ አረጋግጡ።

የቤት ስም ብቻውን አይበቃም። በቬክት ዳር በብሮይከለን ያለውን ጉንተርስታይን የተባለ ቤት በ1672 የዘመተው የፈረንሳይ ጦር አፍርሶታል፤ አዲሷ ባለቤት ማግዳሌና ፑለ ከ1680 ጀምሮ እንደገና አሠራችው። ስለዚህ «ጉንተርስታይን» ብሎ የተጻፈበት ንድፍ የትኛውን ቤት እንደሚያሳይ ሳትለዩ መዝገብ ላይ አታስፍሩ። ሠዓሊው ሩላንት ሮግማን በ1646ና በ1647 ወደ 240 የሚጠጉ የግንብ ቤት ሥዕሎች ባይሠራ ኖሮ፣ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን መልክ ዛሬ የምናይበት መንገድ በጣም ይጠብ ነበር። እነዚህን ወረቀቶች በጥንቃቄ መያዝ ያለብን ለዚህ ነው።

ከብረት ጨው የተሠራ ቡናማ ቀለም ወረቀቱን ይበላዋል፤ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። አታርጥቡት፣ አታጣጥፉት፣ በሚያጣብቅ ፕላስቲክ አትጠግኑት። ለእይታ ስታወጡት ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይብለጥ። ማስታወሻችሁን በእርሳስ፣ ያውም በማህደሩ ሽፋን ላይ ጻፉ።