መልስ፦ የድሬና የሐረር ፉክክር ጸብ ነው ወይ?

«የድሬዳዋና የሐረር ልጆች ሲተራረቡ ሰምቼ ደነገጥኩ፣ የእውነት ይጠላላሉ እንዴ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ኧረ በፍጹም! እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ እናቴ የሐረር ናት። ክርክሩን እቤታችን ማዕድ ላይ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ነገሩን ያመጣው ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አስቸገረ። ሐዲዱ ከታች ሜዳው ላይ ቀረና በ1895 ዓ.ም. እዚያው ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ የወጣላት ስም ደግሞ «አዲስ ሐረር» ነበር! የሐረር ልጆች ይህቺን አይረሷትም። «እኛ ነን የወለድናችሁ» ይሉናል። እኛም «ታዲያ ባቡሩ ማን ጋ ቀረ?» እንላቸዋለን።

እውነቱን ለመናገር ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን የሐረር ጥንታዊ ከተማ፣ የሚያህል ነገር የለንም። ግንቡና አምስቱ ጥንታዊ በሮቹ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገቡ የዓለም ቅርስ ናቸው። ግን የድሬውን የከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ በምንም አልለውጠውም።

ልዩነቱን ማየት ከፈለግክ ሚኒባስ ተሳፈር። ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ከድሬ ስትነሳ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። የደንገጎን ዳገት ስትወጣ አንድ በአንድ ይዘጋል፣ እናቶች ለልጆቻቸው ሹራብ ያወጣሉ። ያኔ አንዱ የሐረር ልጅ «አቦ፣ አሁን አየር ተነፈስን!» ማለቱ አይቀርም። ተረቡም ወዲያው ይጀመራል።

አባቴ ያረፈ ጊዜ በሌሊት ከሐረር ወርደው ድንኳኑን የተከሉት እነዚሁ ሲተርቡን የሚውሉት ናቸው።