ሴቷ ዘፋኝ ለምን ወንድ ሆነች?

እህቴ፣ ከአዘዞ የላክሽውን ጥያቄ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ከአባትሽ የቀሩ ሸክላዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ)። አጎትሽ ከአሜሪካ ያመጣው ማጫወቻም አለ። 110 ቮልት ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የምትሰኪው። ወደ ላፕቶፕ ስትቀጂ ግን ዘፈኑ ይጎተታል፣ ሴቷ ዘፋኝ እንደ ወንድ ትወፍራለች፣ ከሥር "ሁምም" የሚል ድምፅ አለ፣ ጮክ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ ይቀደዳል። እና የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን ነው ያልሽኝ።

ለጊዜው ምንም አትጫኚ። ሦስቱም ችግር የተፈጠረው ድምፁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው።

ከጉተታው እንጀምር። ትንሽ ወረቀት ሸክላው ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጥፊ፣ ስልክሽን ይዘሽ በ1 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠሪ። 45 መሆን አለበት። 37 ተኩል አካባቢ ከመጣልሽ ነገሩ አለቀ፣ ጥፋተኛው መብራቱ ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይነካውም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 50። ብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች ደግሞ ሞተራቸው ኸርዙን ተከትሎ ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ ከ6 እጅ አንዱን ፍጥነት ያጣሉ፣ ቃናውም ከ3 ሰሚቶን በላይ ይወርዳል (ሰሚቶን ከአንዱ የፒያኖ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው)። ፒያሳ ሱቄ ድረስ በዚህ ጉዳይ የመጣ ሰው ብዙ ነው፣ አንዱማ ሞተሩ አርጅቷል ተብሎ ሁለት ጊዜ ሞተር ገዝቷል።

"ታዲያ ኮምፒውተር ላይ ፍጥነቱን 20 በመቶ ብጨምረውስ?" ትይኝ ይሆናል። ይሆናል፣ ዘፈኑም ወደ ቦታው ይመለሳል። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ከፍ ተደርጎ ነው፤ ስናጫውተው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ያንን ገልብጦ ያስተካክላል። ሸክላው በዝግታ ከዞረ ማስተካከያው የተሳሳተ ቦታ ላይ ያርፋል፣ በኋላ ብታፈጥኚውም የቤዙና የቀጭኑ ሚዛን እንደተዛባ ይቀራል። ትክክለኛው መፍትሔ ቺንጋው የሚያርፍበትን የሞተር ፑሊ (ትንሿን መዘውር) ለ50 ኸርዝ በተሠራው መቀየር ነው። እሱ ካልተገኘ በዲሲ ሞተር የሚሠራ ማጫወቻ ተዋሺ፤ እሱ ኸርዝ አያውቅም።

መቀደዱ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ ገመዱን የላፕቶፑ ማይክ ቀዳዳ ውስጥ ነው የሰካሽው ብዬ እጠረጥራለሁ። እዚያ አይሰካም። የማይኩ ቀዳዳ በብዙ ላፕቶፕ ሞኖ ነው፣ ድምፁንም ከልክ በላይ ያጎላዋል። ጎረቤት ወይ ዘመድ ቤት አቧራ የጠጣ የድሮ አምፕሊፋየር አይጠፋም፤ ጀርባው ላይ "ፎኖ" የሚል መግቢያ ካለው ፕሪአምፑ ውስጡ አለ ማለት ነው። ማጫወቻውን እዚያ ሰኪ፣ ከዚያ "ቴፕ አውት" ከሚለው አውጥተሽ በዩኤስቢ የድምፅ ካርድ ወደ ላፕቶፑ አስገቢ። ከስፒከሩ መውጫ ግን በፍጹም እንዳትሞክሪ፣ ካርዱን ታቃጥይዋለሽ። ስትቀጂ በ24 ቢት፣ በ48 ወይም በ96 ኪሎኸርዝ ይሁን፣ በመቅጃው የድምፅ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ላይ ይቁም። ከድምፁ ምንም በማይቀንሱት የፋይል ዓይነቶች፣ በዋቭ ወይም በፍላክ፣ አስቀምጪው። ኤምፒ3 ለስልክሽ በኋላ ትሠሪያለሽ።

ሁለተኛው መርፌው ነው። ሰው ሸክላው እንዳይፋቅ ብሎ የመርፌውን ክብደት ያቀለዋል፣ ቀሎ የሚዘል መርፌ ግን ይባስ ይቦጫጭረዋል። አብዛኛው ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ይፈልጋል፤ የመርፌው አምራች ያለውን ተከተይ።

ለ"ሁምም" ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን የግራውንድ ሽቦ አምፕሊፋየሩ ላይ ካለው ብሎን ጋር እሰሪ። ካልጠፋ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለሽ በባትሪ ቅጂ። ብዙ ጊዜ ያኔ ጸጥ ይላል።

አሁን ደግሞ እጥበት። በበጋ የጎንደር አቧራ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ዝቃጭ መስመሩ ውስጥ ስለሚተው ዲስትልድ (ማዕድኑ የወጣለት) ውሃ ይሻላል፤ የመኪና ዕቃ መደብር አለ፣ ግን አሲድ እንዳይሰጡሽ ደጋግመሽ ጠይቂ። ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትለሽ፣ ከዚያ በንጹሑ ውሃ አለቅልቂ። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት አይንካው። ከአባትሽ ሸክላዎች መካከል ከባድ፣ ቶሎ የሚሰበር ባለ 78 ካገኘሽ ደግሞ አልኮል የሚባል አታስጠጊው። እኔ ልጅ ሆኜ የአያቴን አንድ ሸክላ "ጀርም ይገድላል" ብዬ በአረቄ ወለወልኩት፤ ለካ የተሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ያወሩ ነበር። ባለ 78 ሰፋ ያለ የራሱ መርፌም ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለጊዜው ወደ ጎን አስቀምጪው።

መጀመሪያ ግን ወረቀቱን ለጥፈሽ ቁጠሪ። 37 ከመጣ ከማጫወቻው ጀርባ የተጻፈውን ሞዴል ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ለፑሊው ልኬት ያስፈልገኛል።