ጤነኛ ለሚመስሉ አዲስ ዓሦች መድኃኒት ከመጨመር በፊት

ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ ሁለት ክፍል አለው፦ ገና የተገዙና ጤነኛ የሚመስሉ ዓሦች በቀጥታ ወደ ዋናው ገንዳ ቢገቡ ምን ችግር አለው፤ በሌላ ገንዳ ለይቶ ማቆየቱ የግድ ከሆነስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለመከላከያ ያህል መድኃኒት መጨመር ይገባል ወይ? ለብዙ ዓመታት ዓሣ ካሳደግሁበት ልምድ ተነሥቼ የምመልሰው፣ ለይቶ ማቆየቱን ፈጽሞ አይዝለሉት፣ መድኃኒቱን ግን በዓይን የሚታይ ምክንያት እስኪያገኙ ድረስ አይንኩት የሚል ነው።

ዓሣ በፕላስቲክ ከረጢት ተጭኖ ሲጓዝ፣ በጥቂት ውሃ ውስጥ አሞኒያ ሲከማችበትና ሙቀቱ ሲለዋወጥበት በሽታ የመከላከል ዐቅሙ ይዳከማል፤ ቀድሞ በጥቂቱ ተሸክሞት የነበረው ጥገኛ ተሕዋስም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በተገዛበት ዕለት የሚታየው ጤንነት ስለሚቀጥሉት ሳምንታት ብዙ አይነግረንም። ዓሣው በሚተነፍስበት አካል፣ በስንጥብ ላይ የሚሰፍሩ ተሕዋስያን በቆዳ ላይ ምልክት ሳያሳዩ ዓሣውን ሊያዳክሙት ይችላሉ፤ ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ገላን ከዕቃ ጋር ማሸት ወይም ክንፍን ወደ ገላ ሰብስቦ መቆየት የመጀመሪያው ፍንጭ ሊሆን ይችላል። እኔ 4 ሳምንትን ዝቅተኛው ጊዜ አድርጌ እይዛለሁ።

ማቆያ ገንዳው ያማረ መሆን አያስፈልገውም። ጠጠር የሌለው ወለል፣ ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትር፣ ለመደበቂያ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭና የስፖንጅ ማጣሪያ ይበቃል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ግን በስፖንጁ ነው። ዓሦቹ ከመምጣታቸው ከበርካታ ሳምንታት በፊት በዋናው ገንዳ ውስጥ እንዲሠራ ካልተደረገ፣ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አይኖሩበትም፤ ዓሦቹም ከበሽታው ይልቅ በራሳቸው ፍሳሽ ይመረዛሉ። አሞኒያንና ናይትራይትን በመለኪያ እየተከታተሉ ከዜሮ ከፍ ባሉ ቁጥር የውሃውን ከፊል ይቀይሩ። የከረጢቱን ውሃ ወደ ገንዳው አይገልብጡ፤ መረቡና ባልዲውም ለማቆያው ብቻ የተለዩ ይሁኑ።

አሁን አዘውትሮ ወደሚያጋጥመው ወደ ነጭ ነጠብጣብ በሽታ፣ ማለትም ወደ ኢክ ልለፍ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የተሕዋሱን የሕይወት ዑደት ባለማወቅ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ። በዓሣው ላይ የምናየው እንደ ጨው ቅንጣት ያለ ነጥብ ከቆዳው ሥር የተሸሸገ ተሕዋስ ነው፤ እዚያ እስካለ ድረስ በውሃው ላይ የምንጨምረው መድኃኒት አያገኘውም። ሲጠግብ ከዓሣው ይወርድና ወለል ላይ ሽፋን ሠርቶ ይከፋፈላል፤ ከአንዱም በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ይወጣሉ። መድኃኒት የሚገድላቸው እነዚህን በውሃ ውስጥ እየዋኙ አዲስ ዓሣ የሚፈልጉትን ነው። እንግዲህ ነጥቦቹ ከዓሣው ላይ ሲጠፉ ሕክምናውን ማቋረጥ፣ ጠላት ወለል ላይ እየተባዛ ሳለ ጥበቃውን ማንሣት ማለት ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ዑደቱ በአንድ ሳምንት ገደማ ሊያልቅ ሲችል፣ ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ግን ከአንድ ወር በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ የሚኖሩ ዓሦች ረዘም ላለ ጊዜ የሚታከሙትም በዚህ የተነሣ ነው። የማቆያው ወለል ባዶ እንዲሆን የመከርሁበት አንዱ ምክንያትም ወለሉን በየቀኑ በቱቦ እየሳቡ የወረዱትን ለመቀነስ እንዲመች ነው።

ለዚህ በሽታ ማላካይት ግሪን፣ ፎርማሊን ወይም መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች ይሠራሉ። ማጣሪያው ውስጥ የካርቦን ከሰል ካለ አስቀድሞ ይውጣ፤ አለበለዚያ መድኃኒቱን ከውሃው ይሰበስበዋል። ፎርማሊን የውሃውን ኦክስጅን ስለሚቀንስ የአየር ፓምፑ ሳይቋረጥ ይሥራ። መዳብ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ቅርፊት የሌላቸው ዓሦችም ብዙዎቹን መድኃኒቶች በሙሉ መጠን አይችሏቸውም።

ጥጥ የመሰለ ነገር በአፍ ወይም በጀርባ ላይ ቢያዩ ፈንገስ ነው ብለው አይቸኩሉ፤ ኮለምናሪስ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ይህንኑ መልክ ይይዛል። ይህ በሽታ በሞቀ ውሃ ስለሚፋጠን፣ የኢክን ዑደት ለማፋጠን እንደሚደረገው ሙቀቱን ከፍ ማድረግ ዓሦቹን ቶሎ ሊያስጨርሳቸው ይችላል። ከፊንጢጣ ብቅ ያሉ ቀይ ክሮች የካማላነስ ትሎች ናቸው፤ ሌቫሚሶል የተባለው የትል መድኃኒት ትሎቹን ያደነዝዛቸዋል እንጂ ሁሉንም ወዲያው ስለማይገድል፣ የወደቁትን ከወለሉ ጠርጎ ማውጣት የሕክምናው አካል ነው።

ስለ መከላከያ መድኃኒት ያለኝ አቋም ከዚህ የሚነሣ ነው። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን የሚያባብስ ሲሆን፣ ምን እንደሚታከም ሳይታወቅ ሦስት ዓይነት መድኃኒት መቀላቀል በጉዞ የደከመን ዓሣ ሌላ ሸክም ማሸከም ነው። አንቲባዮቲክ ያለ ምክንያት መጨመር ደግሞ የማጣሪያውን ባክቴሪያ ሊጎዳና መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ሊያፈራ ይችላል። ከዱር ለተያዙ ዓሦች ብቻ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት አስቀድሞ መስጠትን አልቃወምም፤ የስንጥብ ትልና የቴፕ ትል በብዛት ይገኙባቸዋልና፣ መድኃኒቱንም አብዛኞቹ ዓሦች በደንብ ይችሉታል። እንቁላል የሚጥሉትን የስንጥብ ትሎች እንቁላል ስለማይገድል ግን መድገም ያስፈልጋል።

በመካከሉ አንድ ዓሣ እንኳ ቢታመም የ4 ሳምንቱ ቆጠራ ሕክምናው ካለቀበት ቀን አንሥቶ ለሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል። ምልክት ካዩ የዓሣውን ዝርያ፣ የውሃውን ሙቀት፣ የአሞኒያና የናይትራይቱን ልክ ከፎቶግራፍ ጋር ቢልኩልን፣ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት አብረን ልንመለከተው እንችላለን።