«ሰፊው ሌንሴ ውኃ ውስጥ ጠበበብኝ»

የአንባቢያን የካሜራ ጥያቄዎች፤ መልሱ ከሰበታ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዓለም ገና ሲሆን ሠርግና ምርቃት በማንሣት ነው የምተዳደረው። ለካኖን ካሜራዬ የሚሆን ያገለገለ የውኃ ውስጥ ሳጥን ገዝቻለሁ፤ ከፊቱ ያለው መስታወት ጠፍጣፋ ነው። 10–18 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንሴን አስገብቼ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ስሞክረው ፎቶው ጠበበ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊና ብርቱካናማ ጥላ ወጣ፣ ማዕዘኖቹም ደበዘዙ። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ሁሉም እንደሚለኝ ዶም (እንደ ግማሽ ኳስ የጎበጠ የሳጥን ፊት) ልግዛ? በታኅሣሥ ጅቡቲ ወርጄ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማንሣት አስቤያለሁ።

መልስ፦ ሌንስህ ደኅና ነው፤ ለጥገና ገንዘብ አታውጣ። ጥፋቱ የጠፍጣፋው መስታወት ነው። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲያልፍ ይሰበራል። መሀል ላይ ቀጥ ብሎ የሚገባው ምንም አይሆንም፤ በጠርዝ በኩል አጋድሎ የሚመጣው ግን በጣም ይሰበራል፤ ቀለማቱም እኩል ስለማይሰበሩ ይለያያሉ። ያየኸው ጥላ ይኸው ነው። የእይታው ስፋት ደግሞ እንዲህ ይሰላል፦ ሌንስህ 10 ላይ ሲሆን የብስ ላይ በሰያፍ 107 ዲግሪ ያያል። ከጠፍጣፋ መስታወት ኋላ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚተርፈው 74 ዲግሪ ገደማ ነው። 74 ዲግሪ ደግሞ ይኸው ሌንስ 18 ላይ ሆኖ የብስ ላይ የሚያየው ነው። ስለዚህ ሌንሱን 10 ላይ አድርገህ በ18 ስታነሣ ውለሃል።

ዶም ይህንን ይፈታል። የሌንሱ የብርሃን መግቢያ በክቡ መሀል ላይ ከተቀመጠ፣ ከየትም አቅጣጫ የሚመጣ ጨረር መስታወቱን ቀጥ ብሎ ስለሚያገኘው አይሰበርም፤ 107ቱ ዲግሪ 107 ሆኖ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ሻጩም ይነግርሃል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ዶም ገዝቶ የሚያማርር ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ዶም ውኃ ውስጥ ሲገባ ራሱ እንደ ሌንስ ይሠራል። ከፊቱ ያለውን ዓለም በሙሉ አሳንሶና አቅርቦ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ያስቀምጠዋል። ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ዶም በኩል ሲታይ፣ የቱንም ያህል ሩቅ ያለ ነገር ከመስታወቱ 30 ሴንቲ ሜትር ፊት ለፊት ያለ መስሎ ነው ለሌንሱ የሚታየው። 30 ሴንቲ ሜትር ላይ የዘረጋኸው እጅህ ደግሞ 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ሻርኩም፣ አብሮህ የሚዋኘው ጓደኛህም፣ ከኋላቸው ያለው ባሕርም በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ተጨምቀው ይቀመጣሉ። ሌንስህ የሚያነሣው ይህንን ቅርብና ትንሽ ምስል ነው።

ከዚህ የሚከተለውን አስብ። አንደኛ፣ ቅርብ ፎከስ ማድረግ የማይችል ሌንስ ከዶም ኋላ ዕውር ነው። ያንተ ከሴንሰሩ (ምስሉን ከሚቀበለው የካሜራው ገጽ) 22 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ፎከስ ስለሚያደርግ ስጋት የለብህም፤ ሌንሳቸው የማይቀርብላቸው ሰዎች ከፊቱ ፕላስ 2 ወይም ፕላስ 3 የማቅረቢያ ፊልተር ያስሩለታል። ሁለተኛ፣ ያ ምስል እንደ ዶሙ የጎበጠ ነው፤ ሴንሰርህ ግን ጠፍጣፋ ነው። መሀሉ ጥርት ሲል ማዕዘኑ ይሸሻል። መድኃኒቱ አፐርቸርን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ማጥበብ ነው፤ ቢያንስ ኤፍ 8፣ ከተቻለ ኤፍ 11 (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል)። ታኅሣሥ ላይ በጅቡቲ ፀሐይ፣ ከውኃው ገጽ አጠገብ፣ ይህ ቀላል ነው። ባቦጋያ ውስጥ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) መጨመርህ አይቀርም፤ ማዕዘኑ ከሚደበዝዝ ፎቶው ትንሽ አሸዋ ቢመስል ይሻለኛል።

እኔ ዶም የምፈትሸው በትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። (ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በተራ ስለሆነ ፈትሼ ስጨርስ ውኃው ለጎመን ይሆናል።) ከሳፋው ግርጌ አንድ ጋዜጣ ዘርግተህ ጠርዙን በጠጠር አስይዘው፤ ካሜራውን ቁልቁል አድርገህ ዶሙን ሙሉ በሙሉ አጥልቀው። አንዱን በኤፍ 4.5፣ ሌላውን በኤፍ 11 አንሣ። በመጀመሪያው ፎቶ ማዕዘን ላይ ያሉት ፊደላት ቀለም እንደፈሰሰባቸው ወደ ውጭ ተጎትተው ታገኛቸዋለህ፤ «ሀ»ን ከ«ሠ» መለየት ያቅትሃል። በሁለተኛው ይነበባሉ። የጋዜጣው አምድ መስመሮች የብስ ላይ ካነሣኸው ይልቅ ውኃ ውስጥ ከጎበጡብህ፣ ሌንሱ ከዶሙ መሀል ወደፊት ወይም ወደኋላ ሸሽቷል ማለት ነው፤ በሳጥኑና በዶሙ መካከል የሚገባው ቀለበት መቀየር አለበት። ዶም ስትገዛ ለዚሁ ሌንስ የሚሆነው ቀለበት የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቅ ገንዘብ አትክፈል። ከዚያ በፊት ግን የሳጥንህ መስታወት የሚፈታ መሆኑን እይ፤ የማይፈታ ከሆነ ዶሙ ያለ ቦታው ይቀራል።

ትልቅ ወይስ ትንሽ? ላንተ ሌንስ 20 ሴንቲ ሜትሩን። ጉብጠቱ ለዘብ ያለ ስለሆነ ማዕዘኑን ብዙም አይጎዳም። 10 ሴንቲ ሜትሩ በጣም የሚስማማው ለፊሽአይ (እጅግ ሰፊ አድርጎ ለሚያይ) ሌንስ ነው፤ ፊሽአይ መስመር ማጉበጡን ከተፈጥሮው የለመደ ስለሆነ ከዶሙ ጉብጠት ጋር አይጣላም። ትልቁ ዶም ግን ግማሽ ክብ ከሞላ ሁለት ሊትር ገደማ አየር ይይዛልና ውኃ ውስጥ አፉን ወደ ላይ እያነሣ የእጅ አንጓህን ያደክምሃል። ከመስታወት ይልቅ አክሪሊክ (ጥርት ያለ ጠንካራ ፕላስቲክ) ይበቃሃል። ቶሎ ቢጫርም ይወለወላል፤ ከውጭ ያለ ትንሽ ጭረት ደግሞ ውኃ ስለሚሞላው ጠልቀህ ስታነሣ አይታይም።

ስለ ጅቡቲ፦ ዌል ሻርኮቹ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይታያሉ፤ ብዙዎቹ ታዳጊዎች ናቸው። የሚበሉት ጥቃቅን ነገር ውኃውን ስለሚያደፈርሰው ሰፊ ሌንስ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ወደ ኋላ ሳትሸሽ ሙሉ አካላቸውን ያስገባልሃል። አታሳድዳቸው፣ አትንካቸው። ከፉሪ ለቡ በባቡር የምትወርድ ከሆነ ሳጥኑን እዚህ ዘግተህ አትሂድ። እኛ ያለንበት ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ስትደርስ የውጭው አየር 20 ሴንቲ ሜትሩን ዶም ከ70 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ይጫነዋል፤ ብትጎትተው አይላቀቅም። ስትመለስ ደግሞ በተቃራኒው ከውስጥ ይገፋል። ኦሪንጉን (ሳጥኑን የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት) አውጥተህ ለብቻው አስቀምጥና ስትደርስ መልሰው። በስኖርክል ብቻ ከዋኘህ መልካም፤ በአየር ጋን ከጠለቅህ ግን ወደ ደጋው ከመውጣትህ በፊት አንድ ሙሉ ቀን እዚያው እረፍ።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል እንግዶችን ፎቶ አነሣለሁ። በትልቅ የአክሪሊክ ዶም ግማሹ ውኃ ውስጥ፣ ግማሹ ከላይ የሆነ ፎቶ እሞክራለሁ፤ የላይኛው ክፍል ሁልጊዜ በጠብታ ይሞላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ዶሙን አያድርቁት፤ በጨርቅ ባበሱት ቁጥር ጠብታውም ጭረቱም ይብሳል። ሙሉ በሙሉ ነክረው ያውጡትና ውኃው ገና እንደ ስስ ልባስ እየወረደ ሳለ ያንሡ፤ ተበጣጥሶ ጠብታ ከሆነ እንደገና ይንከሩት። ፎከሱን ከውኃው በታች ባለው ነገር ላይ ያድርጉ። ለምን እንደሆነ ከላይ ለዓለም ገናው ወንድማችን የጻፍኩት ይነግርዎታል፤ የታችኛው ግማሽ ለሌንሱ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነው ያለው፣ የላይኛው ግን በእውነተኛ ቦታው ነው። ሌንስዎ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ በኤፍ 16 ሁለቱም ይጠራሉ። ጠዋት፣ ነፋሱ ሐይቁን ሳያናውጠው፣ ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ያንሡ። ያለበለዚያ ሰማዩ ነጭ፣ ውኃው ጥቁር ይሆንብዎታል።

ጥያቄ፦ ገላን የፕላስቲክ ሥራ ቤት አለን። ለጣሪያ መብራት የምንነፋውን የአክሪሊክ ጉልላት ለካሜራ ዶም ልናደርገው እንችላለን?

መልስ፦ ለጥልቀት አይሆንም። ተነፍቶ የሚሠራ ጉልላት ጫፉ ላይ ይሳሳል፣ ክቡም ትክክለኛ አይደለም፤ ስለዚህ ምስሉ ይጣመማል። ውኃ በየ10 ሜትሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይጨምራል፤ ለ20 ሴንቲ ሜትር ዶም ይህ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ የሚሰነጠቀውም በሳሳው ጫፉ በኩል ነው። ከውኃው ገጽ ላይ ለግማሽ በግማሽ ፎቶ መሞከር ግን ትችላላችሁ። ካሜራውን ከማስገባታችሁ በፊት ባዶውን ሳጥን ደረቅ ሶፍት አስገብታችሁ ለአንድ ሰዓት አጥልቁት፤ ሶፍቱ ከረጠበ ማሸጊያውን እንደገና ሥሩት።