ሰርተፍኬት ያለው ሻጩ ነው ወይስ ጣውላው?

ጥያቄ፦ «አነስተኛ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ አለኝ። አንድ ሆቴል የመመገቢያ ጠረጴዛና ወንበር አዞኛል። ውሉ ላይ ‹እንጨቱ ከሕጋዊ ምንጭ ለመምጣቱ ማረጋገጫ ይቀርባል› የሚል አንቀጽ አለ። ጣውላ የምገዛበት ነጋዴ ሦስት ወረቀት ሰጠኝ። አንዱ ኤፍኤስሲ የሚባለው፣ እንጨት በአግባቡ ከሚተዳደር ደን ለመምጣቱ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት ፎቶ ኮፒ ነው። ሁለተኛው ‹ማሆጋኒ፣ 6 ሜትር ኩብ› የሚል ኢንቮይስ ነው። ሦስተኛው ለ9 ሜትር ኩብ ግንድ የተሰጠ የመቁረጫ ፈቃድ ኮፒ ሲሆን ከ3 ሳምንት በፊት የወጣ ነው። ጣውላው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ በደንብ የደረቀና ቆንጆ ነው። ቀብድ ከፍያለሁ። ይሄ ይበቃል?»

መልስ፦ አይበቃም። ቀሪውን ክፍያ ለጊዜው ያዙት።

ነጋዴው አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ጣውላ ሻጭ ከሌላ ነጋዴ የተቀበለውን ወረቀት ነው መልሶ የሚያቀብለው። ገልጦ ያላነበበውም ብዙ ነው። ችግሩ ሦስቱ ወረቀቶች የሚያወሩት ስለ ሦስት የተለያየ ነገር መሆኑ ነው። አንዱ ስለ አንድ ድርጅት፣ አንዱ ስለ አንድ ሽያጭ፣ አንዱ ስለ አንድ ጫካ። እርስዎ ጋ ሊራገፍ ስላለው የጣውላ ክምር የሚናገር ግን የለም። ማጣራት ማለት ወረቀቱንና ክምሩን በስም፣ በመጠንና በቀን ማገናኘት ነው። እስቲ የእርስዎን እንያቸው።

በሰርተፍኬቱ እንጀምር። መጀመሪያ ላዩ ላይ የማን ስም እንዳለ ያንብቡ። የነጋዴዎ ስም ነው ወይስ እሱ የሚገዛበት አስመጪ ስም? የአስመጪው ከሆነ ለእርስዎ አይሠራም። በኤፍኤስሲ አሠራር ከጫካው ጀምሮ ጣውላውን በባለቤትነት የተቀባበለ ሁሉ የየራሱ ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል። መሀል ላይ አንዱ ከሌለው ሰንሰለቱ እዚያው ላይ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ የቀድሞውን ሰው ወረቀት ኮፒ ማድረግ የተበጠሰውን አይቀጥለውም።

ስሙ የራሱ የነጋዴው ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ኤፍኤስሲ የመፈለጊያ ገጽ ላይ ያስገቡ። ገጹ በነጻ ለማንም ክፍት ነው። ሰርተፍኬቱ በሥራ ላይ ነው፣ ታግዷል ወይስ ተሰርዟል? ወዲያው ያሳይዎታል። ፎቶ ኮፒ ግን ይሄን አይነግርዎትም፤ ዓምና የተሰረዘ ሰርተፍኬት ኮፒው ላይ እንዳማረበት ይኖራል። እዚያው ገጽ ላይ ሰርተፍኬቱ የሚሸፍናቸውን የምርት ዓይነቶች ይመልከቱ፤ የዛፍ ዓይነቶችም ተዘርዝረው ከሆነ እነሱን ይዩ። ለወረቀትና ለካርቶን የወሰደውን ሰርተፍኬት ለጣውላ የሚያሳይ ሰው አለ። ሰርተፍኬቱ ፒኢኤፍሲ የሚባለው የሌላኛው ዓለም አቀፍ የደን ሰርተፍኬት ቢሆንም መንገዱ ያው ነው፤ እነሱም የራሳቸው መፈለጊያ አላቸው።

ይሄ ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳ ኢንቮይሱ ይቀራል። ሰርተፍኬት ያለው ድርጅት ሰርተፍኬት የሌለው ጣውላም መሸጥ ይችላል፤ ይሸጣልም። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ኢንቮይሱ ነው። ከዕቃው ጎን «ኤፍኤስሲ 100%» ወይም «ኤፍኤስሲ ሚክስ» የሚል መግለጫ፣ ከሻጩ የሰርተፍኬት ቁጥር ጋር መጻፍ አለበት። የእርስዎ «ማሆጋኒ፣ 6 ሜትር ኩብ» ብቻ ነው የሚለው። እንግዲህ በኤፍኤስሲ ዓይን የገዙት ተራ ጣውላ ነው። ነጋዴውን «ኢንቮይሱን ከነመግለጫው አስተካክለህ ስጠኝ» ይበሉት። እውነት ካለው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ማመንታት ከጀመረ ግን መልሱን አገኙ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ሰርተፍኬት የሌለው ጣውላ ሁሉ ሕገወጥ አይደለም። ሰርተፍኬት በፈቃደኝነት የሚወሰድ ነው። በሕግ ቆርጦ፣ ክፍያውን ከፍሎ የሚሸጥ፣ ሰርተፍኬት ለማውጣት አቅም የሌለው ትንሽ የደን ባለቤት ሞልቷል። እንዲህ ያለውን ሰው ማራቅ ተገቢ አይመስለኝም። የሆቴሉ ውል የሚጠይቀው ሕጋዊ ምንጭ ነው እንጂ ኤፍኤስሲ አይደለም። ስለዚህ ሰርተፍኬቱ ባይሠራም ፈቃዱ ሊያድንዎት ይችል ነበር። እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው።

ፈቃዱ 9 ሜትር ኩብ ግንድ ይላል። እርስዎ የሚገዙት 6 ሜትር ኩብ የተሰነጠቀ ጣውላ ነው። ክብ ግንድ ሲሰነጠቅ ጎንና ጎኑ ይወድቃል፣ መጋዙ ሰጋቱራ ያደርገዋል፣ የበሰበሰውና ስንጥቅ ያለበት ተቆርጦ ይጣላል። ሲደርቅም ይሸበሸባል። በአብዛኛው ከግንዱ ጣውላ ሆኖ የሚወጣው ግማሽ ገደማ ነው። ግንዱ ወፍራምና ቀጥ ያለ፣ መጋዙም ጥሩ ከሆነ ከዚያ ሻል ይላል። ከ9 ሜትር ኩብ ግንድ 4.5፣ ቢበዛ 5 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ጣውላ ቢወጣ አይገርመኝም። 6 ግን ሁለት ሦስተኛ ነው። ጠርዙ ተስተካክሎ ለተሰነጠቀ ደረቅ ጣውላ ይሄ በጣም ብዙ ነው። የተረፈው ከየት መጣ? በዚያ ላይ ነጋዴው ከዚሁ ጭነት ለሌላ ወርክሾፕም ሸጦ ከሆነ ጭራሽ አይሆንም። ይጠይቁት።

የሕገወጥ እንጨት ትልቁ መግቢያ በር ይሄ ነው። ግንድ ጫካ ውስጥ እያለ ጫፉ ላይ ቁጥር፣ ቀለም ወይም የመዶሻ ማኅተም ይኖረዋል። መሰንጠቂያው ሲደርስ ያ ምልክት ከጫፉ ጋር ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጣውላ ስም የለሽ ነው። አንድ ፈቃድ ይዞ ከፈቃዱ በላይ ግንድ መሰንጠቅ ከተቻለ ተጨማሪው ግንድ በዚያው ወረቀት ይሸፈናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሒሳቡን ይሥሩ። 3 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ጣውላ 0.0375 ሜትር ኩብ ነው። 6 ሜትር ኩብ ማለት 160 ጣውላ ነው። ሲራገፍ ይቁጠሩት። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው ይሄን ያህል ጣውላ ስንት ግንድ እንደሚፈልግ ያስሉ።

አሁን ቀኑን እንይ። ፈቃዱ የወጣው ከ3 ሳምንት በፊት ነው ብለዋል። ጣውላው ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውና የደረቀ ነው። ይሄን ሳነብ ቆም አልኩ። ዛፉ መቆረጥ፣ ግንዱ መጎተት፣ መጫን፣ መሰንጠቅ አለበት። ከዚያ ነው መድረቅ የሚጀምረው። እንዲህ ያለ ወፍራም ጣውላ በአየር ሲደርቅ ብዙ ወራት ይፈልጋል። ማድረቂያ ክፍል ውስጥ ቢገባ እንኳ ሳይሰነጣጠቅና ሳይጣመም እንዲደርቅ ሳምንታት ይወስዳል። ሁሉም በ3 ሳምንት ውስጥ? አይሆንም። የእርጥበት መለኪያዎን ይዘው ይሂዱ። አንድ ጣውላ መሀሉ ላይ ያስቆርጡና አዲስ የተቆረጠውን ገጽ ይለኩ፤ ላዩን ብቻ መለካት ያሳስታል። መሀሉ 12% አካባቢ ካነበበ፣ ይሄ ጣውላ ከፈቃዱ በፊት የተቆረጠ ዛፍ ነው። ፈቃዱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጣውላ ፈቃድ ግን አይደለም።

የቀረው ስሙ ነው። «ማሆጋኒ» የንግድ ስም ነው፤ ከጀርባው የተለያዩ ዛፎች አሉ። የላቲን አሜሪካው ስዊቴኒያ አለ። የአፍሪካው ካያ አለ። ሳፔሌም አንዳንዴ በዚሁ ስም ይሸጣል። «የፊሊፒንስ ማሆጋኒ» የሚባለው ሾሪያ ደግሞ ዝምድናውም የለም። ለእርስዎ ይሄ ለምን አስፈለገ? ሕጉ ስለሚለያይ ነው። አደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ከላቲን አሜሪካ የሚመጣውን ትልቅ ቅጠሉን ስዊቴኒያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሁለተኛው ዝርዝሩ ይቆጣጠራል። የአፍሪካው ካያ እ.ኤ.አ. በ2023 ገብቷል። እነዚህ ድንበር ሲሻገሩ የሳይተስ ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ የመውጫ ፈቃዱ ከ6 ወር በላይ አያገለግልም። ሳፔሌና ሾሪያ ያን አይጠየቁም። ስለዚህ «ማሆጋኒ» የሚል ኢንቮይስ ምን ወረቀት መጠየቅ እንዳለብዎት እንኳ አይነግርዎትም። ሳይንሳዊ ስሙና የተቆረጠበት አገር ይጻፍልዎት። የተጫነበት ወደብ አገር አይደለም፤ ዛፉ የበቀለበት ነው።

ስሙን ራስዎ በመጠኑ መፈተሽ ይችላሉ። አንድ ምላጭና 10 ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ይበቃል። የጣውላውን ጫፍ፣ ማለትም አግድም የተቆረጠውን ገጽ፣ በአዲስ ምላጭ ጥርግ አድርገው ይቁረጡ። በመጋዝ የተቆረጠ ገጽ ጭረቱ ሁሉን ስለሚሸፍን አይታይበትም። በጥቂት ውሃ ያርጥቡት፣ መነጽሩን ዓይንዎ ላይ አስጠግተው ይመልከቱ። ቀዳዳዎቹ ተበታትነው ይታያሉ። ስዊቴኒያ ላይ በቀዳዳዎቹ መሀል እየተራራቁ የሚያልፉ፣ የዕድገት ቀለበትን የሚያሳዩ ቀጫጭን ፈዛዛ መስመሮች ጥርት ብለው ይወጣሉ። ካያ ላይ እነዚያ መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ የሉም ወይም ደብዝዘዋል። ነጭ ነጥቦች እንደ ክር ተደርድረው ካዩ ደግሞ የሙጫ ቦዮች ናቸው፤ ሾሪያ ሊሆን ይችላል። ይሄ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ አይደለም። በእንጨቱ አሠራር ብዙ ጊዜ የሚለየው ወገኑ እንጂ ትክክለኛው ዝርያ አይደለም፤ የበቀለበትን አገርማ ጨርሶ አይናገርም። ኢንቮይሱ ካያ ብሎ መነጽሩ ሾሪያ ሲያሳይዎት ግን ወሬው ያልቃል። ክርክር ከተነሳ የእንጨት ላቦራቶሪዎች በዘረ መል ወይም በኬሚካል ምርመራ ከዚህ የበለጠ ይለያሉ።

ስም መቀየር ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎ። ላምበር ሊኩዊዴተርስ የተባለ የአሜሪካ የወለል እንጨት ሻጭ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥፋቱን አምኖ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል። ከክሱ ውስጥ ከሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ የመጣ የሞንጎሊያ ኦክ ከጀርመን እንደመጣ ሌላ ኦክ ተደርጎ መመዝገቡ አለበት። የተከሰሰበት የሌሲ ሕግ፣ በሕገወጥ መንገድ የተገኘ የዱር እንስሳና ዕፅዋት ንግድን የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ያለ ቢሆንም ወደ እንጨት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በሕገወጥ የተቆረጠ እንጨት ገበያው ላይ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው አዲስ ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ በኋላ ከተመነጠረ ደን የመጣውን ጭምር የሚከለክልና የተቆረጠበትን ቦታ መገኛ ነጥብ የሚጠይቅ ነው። የእርስዎ ዕቃ ወደ ውጭ ባይሄድም ዓለም አቀፍ ስም ያላቸው ሆቴሎች ይሄን ዓይነት ጥያቄ ወደ ውላቸው እያስገቡት ነው።

ለወንበሩ መቀመጫ ኮምፔንሳቶ የሚጠቀሙ ከሆነ እሱንም አይርሱት። ላዩ አንድ እንጨት፣ ውስጡ ሌላ ነው። ከፋብሪካው የፊቱንም የውስጡንም ዓይነት የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቁ። ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ኤምዲኤፍ ላይ ደግሞ በዓይን የሚለይ ነገር ስለሌለ ፋብሪካው የሚሰጠው ወረቀት ብቻ ነው ያለዎት።

አሁን ምን ያድርጉ? ነጋዴውን በጽሑፍ ይጠይቁት፤ በስልክ የተባለ ነገር ነገ የለም። ሳይንሳዊ ስሙን፣ የተቆረጠበትን አገርና ቦታ፣ ከዚህ ጭነት ጋር የሚገጥመውን ፈቃድ፣ ከጫካ እስከ መሰንጠቂያ የተጓዘበትን የይለፍ ወረቀት፣ ድንበር ከተሻገረም የጉምሩክ ሰነዱን። የመሰንጠቂያውን ስም ይጠይቁና ራስዎ ይደውሉለት። ፈቃዱን ወደሰጠው መሥሪያ ቤትም ይደውሉ፤ ስልኩን ግን ከወረቀቱ ላይ አይውሰዱ፣ በሌላ መንገድ ይፈልጉት። ነጋዴው «ወረቀቱ ተሳስቶ ነው፣ ትክክለኛው ይሄ ነው» ብሎ ሌላ ካመጣ መልካም፤ በዚያም ላይ ያንኑ የመጠንና የቀን ሒሳብ ይሥሩበት። ካላመጣ ቀብድዎን ይጠይቁና በሌላ እንጨት ይተኩ።

ለሆቴሉም ቶሎ ይንገሩ። ጣውላው ከተቆረጠ በኋላ የሚነገር ችግር የእርስዎ ችግር ይሆናል፤ ከመቆረጡ በፊት ከሆነ ግን አብራችሁ አማራጭ ትፈልጋላችሁ። ማረጋገጫውን ሲጽፉ ያረጋገጡትን ብቻ ይጻፉ፦ የዛፉ ስም፣ አገሩ፣ የፈቃድ ቁጥሩ፣ መጠኑ፣ ከማን እንደገዙ። የእርስዎ ወርክሾፕ ራሱ ሰርተፍኬት ስለሌለው የኤፍኤስሲን ምልክት ጠረጴዛው ላይም ሆነ ደብዳቤው ላይ አይለጥፉ፤ ጣውላው በትክክል ሰርተፍኬት ያለው ቢሆንም።

ክምሩ ሲገባ ከሌላው ጣውላ ለይተው ያስቀምጡት፤ በጠመኔ የኢንቮይሱን ቁጥር ይጻፉበትና ፎቶ ያንሱት። ከየእስሩ አንድ ቁራጭ ቆርጠው፣ ጫፉን በምላጭ አጽድተው፣ ቀንና ቁጥር ለጥፈው ከወረቀቶቹ ጋር ቢያንስ 5 ዓመት ያቆዩት።